የጭስ መስኮት ሰሌዳዎችን ከጃፓንኛ የመለሱት የእህታችን የሕይወት ታሪክ

እህታችን ከአባታቸው ከማተሚያ ቤቱ ፊደል ለቃሚና ከእናታቸው ከልብስ ሰፊዋ፣ በ1945 ዓ.ም. በጥር ወር፣ ከማተሚያ ቤቱ ጀርባ በነበረችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ከእርሳቸው በኋላ ወንድማችን፣ ከወንድማችን በኋላ ደግሞ ይህን ታሪክ የምጽፈው እኔ መጣን። ማሽኑ ሲሠራ ግድግዳው ስለሚንቀጠቀጥ እናታችን መደርደሪያ ላይ ሳህን አያስቀምጡም ነበር። የቤቱ ሰው ሁሉ እየጮኸ መናገር የለመደውም በዚሁ ምክንያት ነው። እህታችን ብቻ ዝግ ብለው ይናገሩ ነበር፤ ሰው እንዲሰማቸው ከፈለጉ ማሽኑ እስኪያርፍ ይጠብቃሉ።

አባታችን የእርሳስ ፊደል ለቅመው ሲደረድሩ ጽሑፉ የሚነበበው በግልባጩ ነው። እህታችን አምስት ዓመት ሳይሞላቸው በአባታቸው ጉልበት ላይ ተቀምጠው ማንበብ የጀመሩት እንደዚያ ነበር። ትምህርት ቤት ሲገቡ የሰሌዳውን ጽሑፍ አንገታቸውን እያዘነበሉ በማየታቸው፣ መምህርቷ ልጅቷ ዓይኗን ታማለች ብለው እናታችንን አስጠርተዋል። አባታችን ይህን ሲሰሙ ለሦስት ቀን ሳቁ። የእህታችን ዓይን ግን ምንም አልነበረበትም፤ የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በከፍተኛ ውጤት አጠናቀው፣ የጽሕፈት ሥራ ተምረው፣ በ1964 ዓ.ም. የሕንፃ ዕቃ በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ በጸሐፊነት ተቀጠሩ።

በ1967 ዓ.ም. ከባለቤታቸው ጋር ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው በአንድ ባለ አራት ፎቅ የልብስ መደብር፣ በሦስተኛው ፎቅ፣ የወንዶች ልብስ ክፍል ሻጭ ነበሩ። የተዋወቁት እህታችን ለአባታችን ክራባት ሊገዙ የሄዱ ዕለት ነው። አንዷን ክራባት ለመጠቅለል ሰውየው ሃያ ደቂቃ ፈጀባቸው። ወረቀቱን አጠፉ፣ ፈቱ፣ እንደገና አጠፉ። እህታችን ወደ ቤት ሲመለሱ የተናገሩት ይህን ብቻ ነበር፦ «እንደዚህ ዝግ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ነገ ቀበቶ ልገዛ ነው።»

አማቻችን በሁሉም ነገር ይዘገዩ ነበር። ቤተሰቡ ለባብሶ በር ላይ ቆሞ እርሳቸው ካልሲ ይፈልጋሉ። እህታችን «ና እንጂ!» ብለው ይጣራሉ። እርሳቸውም ከውስጥ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!» ብለው ይመልሳሉ። ደግሞ ወጥተው ያን ፈገግታቸውን ሲያሳዩ የሚቆጣ ሰው አይገኝም፤ እኔ እንኳ ቁጡዋ አልተቆጣሁም። በ1969 ዓ.ም. ወንድ ልጅ ወለዱ። ያ ልጅ ዛሬ እዚህ ከፊታችን ቆሟል።

በ1973 ዓ.ም. በየካቲት ወር፣ ከቀትር በኋላ፣ በመደብሩ ሦስተኛ ፎቅ ከዕቃ ማከማቻው ጭስ ተነሣ። እሳቱ ትንሽ ነበር አሉ። ጭሱ ግን የጥቅል ጨርቅ ጭስ ነው። ሻጮቹም ገዢዎቹም ወርደው መንገድ ማዶ ቆመው ሲተያዩ አማቻችን የሉም። ለምን እንደቀሩ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሞተው የተገኙት ግድግዳ ላይ ከተሰቀለች አንዲት ቀይ ሣጥን ሥር ነው። በሣጥኗ ውስጥ እጀታ ነበረ፤ እጀታው ቢሳብ ከጣሪያው ሥር ያሉት የጭስ መስኮቶች ይከፈቱ ነበር። ዕቃው ሕንፃው ሲሠራ ከጃፓን የመጣ ነው፤ የተለጠፈባት ሰሌዳም በጃፓንኛ ብቻ የተጻፈ ነበር። ሠራተኞቹ ለስምንት ዓመት ኮታቸውን ይሰቅሉባት ነበር። አማቻችንም የዚያን ዕለት ጠዋት ኮታቸውን የሰቀሉት እዚያው ላይ ነው።

እህታችን የሃያ ስምንት ዓመት ሴት ነበሩ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ እኔን አስከትለው ወደ መደብሩ ሄዱ። በጥላሸት በጠቆረው ክፍል ውስጥ ሰሌዳዋን በመሐረብ ጠርገው፣ ፊደሉን አንድ በአንድ በእርሳስ ወረቀት ላይ ቀዱት። ትርጉሙን ስለማያውቁ የሣሉት እንደ ሥዕል ነው። ያን ወረቀት ይዘው ያልደረሱበት ቢሮ የለም፤ የሚያነብላቸው ግን ጠፋ። በመጨረሻ በወጣትነቱ በጃፓን የጭነት መርከብ ላይ መካኒክ የነበረ አንድ አረጋዊ ሰዓት ሠሪ እንዳለ ሰማን። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ሦስቱን መስመር ቀስ ብለው አነበቡልን፦ «እሳት ሲነሣ ክዳኑን ይክፈቱ። እጀታውን ወደ ታች ይሳቡ። ጭሱ በላይ ይወጣል።»

እህታችን «ይኸው ብቻ ነው?» አሉ።

«ይኸው ብቻ ነው፣ ልጄ።»

በሱቁ ውስጥ የነበሩት ሰዓቶች ሁሉ ሲቆጥሩ ይሰማኝ ነበር። እህታችን አላለቀሱም። ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከከተቱ በኋላ «ያስተምሩኝ» አሏቸው። ሽማግሌው ደነገጡ። እርሳቸው የሚያውቁት የሞተር ጃፓንኛ እንደሆነ፣ ሞተር ሲበላሽ የሚባለውን እንጂ ሰው ከሰው ጋር የሚባባለውን እንደማያውቁ ነገሯቸው። እህታችንም «እኔም ከሰው ጋር ላወራበት አይደለም» ብለው መለሱ።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት፣ በዚያች ጠባብ ሱቅ ተማሩ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው እውነት መሆኑን ያየሁት በእርሳቸው ነው። ሽማግሌው የማያውቁት ፊደል ሲመጣ ሁለቱም ጥርዙ በተገነጠለ መዝገበ ቃላት ላይ አቀርቅረው ይጨቃጨቃሉ፤ ሰዓት ሊያሠራ የመጣው ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል። ቋንቋው እንደ እኛው ግሱን መጨረሻ ላይ ማምጣቱ እህታችንን ደስ ይላቸው ነበር። «ሰውየው ምን እንደፈለገ ለማወቅ እስኪጨርስ መታገሥ ነው» ይሉ ነበር።

በ1979 ዓ.ም. ድርጅታቸው ከጃፓን የጭስ ማራገቢያና የእሳት በር ማስመጣት ሲጀምር፣ መመሪያዎቹን የሚተረጉም ሰው ጠፍቶ ሥራ አስኪያጁ ተጨነቁ። ጸሐፊዋ ከታይፕ መኪናቸው ቀና ብለው «ወዲህ ያምጡት» ሲሉ ቢሮው ሁሉ ቀልድ መስሎት ነበር። ከዚያ ዕለት ጀምሮ እስከ ጡረታቸው ድረስ በተርጓሚነት አገለገሉ። ባልደረቦቻቸው «እትዬ ሰሌዳ» የሚል ስም አወጡላቸው። ስሙን ቢጠሉትም ሲጠሩበት አቤት ይሉ ነበር።

የአሠራራቸው ነገር ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። አንድን ሰሌዳ ከተረጎሙ በኋላ ሙያውን ፈጽሞ የማያውቅ ሰው ይፈልጋሉ፤ ዘበኛ፣ ፖስተኛ፣ ጋዜጣ አዟሪ፣ ማንም ይሁን። ሰውየውን ከሣጥኑ ፊት ያቆሙና ጽሑፉን አንድ ጊዜ ብቻ ያነቡለታል። ከዚያ በልባቸው እስከ አምስት ይቆጥራሉ። አምስት እስኪሉ የሰውየው እጅ እጀታው ላይ ካላረፈ ወረቀቱን ቀድደው እንደገና ይጽፋሉ። ሰውየውን ወቅሰው አያውቁም፤ ጥፋቱ የቃሉ ነው። ለዓመታት የሚፈተኑት የድርጅቱ ዘበኛ ነበሩ። በመጨረሻ ግን «አንቱ እንግዲህ ሊቅ ሆነዋል፣ ከእንግዲህ አይጠቅሙኝም» ተብለው ከፈተናው ተሰናበቱ፤ ዘበኛውም ከልባቸው ተቀየሙ።

የድርጅቱ መሐንዲስ በዚህ አሠራር ብዙ ጊዜ ይናደዱ ነበር። እርሳቸው የሚፈልጉት «የጭስ ማስወገጃ ሥርዓት የእጅ ማስጀመሪያ መሣሪያ» የሚል ነው። እህታችን የጻፉት «ጭስ ሲያዩ ይህን ወደ ታች ይሳቡ» የሚል። መሐንዲሱ፣ ይህ የተማረ ሰው ጽሑፍ አይመስልም ብለው ሲከራከሩ፣ እህታችን «ጭስ ዲፕሎማ አይጠይቅም» አሏቸው። በሌላ ጊዜ ደግሞ መሐንዲሱ ነበሩ ትክክል። ጭስ እንዳይዛመት ከጣሪያ ወደ ታች የምትንጠለጠለውን መስታወት እህታችን «የጭስ መጋረጃ» ብለዋት፣ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ መጋረጃው ወልቆ የሚታጠበው በስንት ጊዜ እንደሆነ ጠየቀች። እህታችን ስቀው «የጭስ ማገጃ መስታወት» በሚል ቀየሩት፤ መሐንዲሱም ያን ቀን በደስታ ምሳ ጋበዙ።

ቤታቸው የጫማ ካርቶን ቤት ነበር። በየካርቶኑ ውስጥ ቃል የተጻፈባቸው ካርዶች በተራ ይደረደራሉ። ልጃቸው የእርሳስ አያያዝ የተማረው በእነዚያ ካርዶች ጀርባ ላይ ነው። እኔ ደግሞ እንደ ታናሽነቴ አላርፍም ነበር፤ ገና ወጣት ነሽ፣ ደግ ሰው ጠይቆሻል፣ ልጁም አባት ያስፈልገዋል እያልኩ ስወተውት ጆሮ ዳባ ልበስ ይሉኛል። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠን፣ ምንም ሳልጠይቃቸው፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ «አሁን ቢመጣ እኮ አያውቀኝም፤ እሱ ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ እኔ አርጅቻለሁ» አሉ። ከዚያ በኋላ ስለ ትዳር አንሥቼባቸው አላውቅም። እህታችን ባለቤታቸውን አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ናፈቋቸው። ይህን በሌላ ቃል ማስጌጥ አልችልም።

አሁን የምጽፈውን አንዳንድ የቤተሰብ ሰዎች ባይጻፍ ይሻላል ብለውኝ ነበር። እህታችን ግን ራሳቸው በአደባባይ የተናገሩት ስለሆነ እኔ የምሸፍንበት ምክንያት የለኝም። በ1993 ዓ.ም. እሳት ሲነሣ ሰው ከሕንፃ እንዴት እንደሚወጣ የሚያስተምር የልምምድ መጽሐፍ ከጃፓንኛ ተረጎሙ። መጽሐፉ ታትሞ ለአሥራ ሰባት ሕንፃዎች ተሰጠ። በዓመቱ በአንድ ባለ አሥራ ሁለት ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ልምምድ ተደረገ። ደወሉ ተደወለ፣ አራት መቶ ያህል ሰው በደረጃ ወረደ፣ በስድስት ደቂቃ ሁሉም አደባባዩ ላይ ተሰበሰበ፣ ተጨበጨበ። ከሁለት ሰዓት በኋላ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ፣ በመጥረጊያ ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ፣ ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ ተገኘች። «ደወሉን ሰምቻለሁ። የሚጠራኝ ሰው ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ» አለች።

በነጋታው ስብሰባ ተጠራ። መሐንዲሱ መጽሐፉን አገላብጠው፣ በየፎቁ ሰው መቅረቱን ማን እንደሚያረጋግጥ የሚናገር መስመር አጡ። ጃፓኖቹ እንዴት ይህን ይረሳሉ ብለውም ተገረሙ። በዚያ ክፍል ውስጥ ጃፓንኛውን ማንበብ የሚችል ከእህታችን በቀር ማንም አልነበረም። ዝም ቢሉ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። እርሳቸው ግን ያበጠው ይፈንዳ ብለው ተነሡ።

«አልረሱም። መስመሩ በአሥራ አራተኛው ገጽ ላይ አለ። የዘለልኩት እኔ ነኝ።»

ጃፓኖቹ እሳት ሲነሣ ማምለጥ ሳይችል ወደ ኋላ ለቀረ ሰው አንድ ራሱን የቻለ ቃል አላቸው። በሪፖርታቸውም፣ በመመሪያቸውም፣ በልምምድ መጽሐፋቸውም ይጽፉታል። እህታችን ይህን ቃል በሃያ ዓመት ውስጥ ብዙ ጊዜ አግኝተውታል፤ በአገኙት ቁጥርም ዙሪያውን ዞረው ያልፉት ነበር። ከካርዶቹ መካከል የዚህ ቃል ካርድ አንድ ጎኑ በጃፓንኛ ተጽፎበት ሌላው ጎኑ ባዶ ነው። ያን ቀን ከስብሰባው በቀጥታ ወደ እኔ ቤት መጡና ድንች ስልጥ አብረውኝ ተቀምጠው መላጥ ጀመሩ። ሦስተኛው ድንች ላይ ቢላውን አስቀምጠው «ቃሉን ሳየው እሱ ጫማውን ሲያስር ታየኝ። ገጹን ገለበጥኩት» አሉኝ። ቀጥለውም «ሴትዮዋ ግን ባልዲ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቅ ነበር» አሉ፤ ያኔ ነው ያለቀሱት። ባለቤታቸው በሞቱ ጊዜ እንኳ እንዲህ ሲያለቅሱላቸው አላየሁም ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ነገሩ ተሸፋፍኖ በሚቀጥለው እትም እንዲታረም ፈልገው ነበር። እህታችን አልተቀበሉም። መስመሯን አሳትመው፣ ሙጫ በቦርሳቸው ይዘው፣ አሥራ ሰባቱን ሕንፃዎች በእግራቸው ዞሩ። በእያንዳንዱ ሕንፃ የጥበቃ ኃላፊውን አስጠርተው ጥፋቱ የእርሳቸው እንደሆነ ይናገሩና በእጃቸው ይለጥፋሉ። በዘጠነኛ ፎቅ የተረሳችውን የጽዳት ሠራተኛም ይቅርታ ጠየቁ። እርሷም ግራ ገብቷት «እትዬ፣ እኔ እኮ እረፍት ነው ያገኘሁት» አለቻቸው።

የተለጠፈችው መስመር ይህች ናት፦ «የፎቁ ኃላፊ እያንዳንዱን በር ከፍቶ፦ የቀረ ሰው አለ? ብሎ ይጣራ፤ በልቡ እስከ አሥር ቆጥሮ፣ መልስ ካላገኘ በሩን ዘግቶ ይለፍ።» ከሥሯም በትንንሽ ፊደል፣ እስከ አሥር መቁጠሩ በጃፓንኛው እንደሌለና ተርጓሚዋ ከራሳቸው እንደጨመሩት ተጽፏል። በሃያ ስድስት ዓመት የትርጉም ሥራቸው ከራሳቸው የጨመሩት ይህን ብቻ ነው። ጃፓኖቹ እንዲህ ብለው አልጻፉም ሲባሉ፣ ዝግ ያለ ሰው መልስ ለመስጠት ጊዜ ይፈልጋል ብለው ተከራክረዋል።

በ2001 ዓ.ም. ከእነዚያ ሕንፃዎች በአንዱ እውነተኛ ጭስ ተነሣ። ዘበኛው እጀታውን ሳቡ፣ መስኮቶቹ ተከፈቱ፣ የፎቁ ኃላፊም በየበሩ እየተጣሩ ሲሄዱ ከመዝገብ ቤቱ አንዲት ሴት መለሰችላቸው፤ ማባዣ ማሽኑ እየጮኸባት ደወሉን አልሰማችም ነበር። ለማመስገን ወደ ቢሮ መጣች። እህታችን ምስጋናውን ትተው ቤት ማን እንደሚጠብቃት ጠየቋት። «ባለቤቴ» ስትላቸው ሳሟትና ሥራ አለብኝ ብለው ወደ ኋላ ክፍል ገቡ። ሴትዮዋ ከሄደች በኋላም ረጅም ጊዜ አልወጡም።

በ2005 ዓ.ም. አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ቃላት የያዘ የእሳት መከላከያና የጭስ ማስወጫ ዕቃዎች መዝገብ አሳትመው በጡረታ ተገለሉ። ያ ባዶ ካርድም በመዝገቡ ውስጥ «የቀረ ሰው» ተብሎ ገብቷል። ዕቃውን የሚሠሩት ሰዎች ጃፓንን እንዲጎበኙ ጋብዘዋቸው ነበር። እህታችን በሚያምር ጃፓንኛ ደብዳቤ ጽፈው አመሰገኑ፤ አልሄዱም። ለእኔ የሰጡኝ ምክንያት «እዚያ ሰሌዳው ሁሉ ይነበባል፤ ሄጄ ምን ልሠራ?» የሚል ነበር።

በ2014 ዓ.ም. የልብ ድካም ያዛቸው። በሕክምና ላይ በቆዩበት ጊዜ እንኳ አላረፉም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ሲገፉ ከእሳት በሩ ፊት የቆመ አልጋ ካዩ እስኪነሣ ድረስ ንቅንቅ አይሉም። ነርሶቹ እትዬ መጡ ሲባል ኮሪደሩን ማጽዳት ለምደው ነበር። ለሚወዷቸውና ለተንከባከቧቸው ሐኪሞችና ነርሶች ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። ከባለቤታቸው ሞት አርባ ሦስት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም. ማለዳ ላይ፣ ልጃቸውና እኔ አጠገባቸው ተቀምጠን፣ በሰባ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። አንድ ወንድ ልጅ፣ እናቷን ያህል የምትወዳቸውን ምራት፣ ሁለት ሴት የልጅ ልጆች፣ ወንድማቸውንና እኔን እህታቸውን ትተው አልፈዋል።

ጸሎቱ ከመጀመሩ በፊት አንድ ነገር ልጨምር። ከጡረታ በኋላም የመውጣት ልምምድ ያለ እንደሆነ ይጠሯቸው ነበር። ከመታመማቸው በፊት በነበረው ዓመት አብሬያቸው ሄድኩ። ከሕንፃው ፊት ለፊት ቆመው የሚወጣውን ሰው ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ይቆጥራሉ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ገብቶ ነበር፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ወጣ። የጥበቃ ኃላፊው ሞልቷል ብሎ ፈረመ፣ ሰዉም እየሳቀ ወደ ሥራው ተመለሰ። እህታችን ግን ከቆሙበት አልተነቃነቁም፤ ዓይናቸው በሩ ላይ ነው። ፀሐዩ ከብዶኝ ነበርና «ሞልቷል እኮ፣ እንሂድ» አልኳቸው። እጄን ያዙና «ትንሽ እንቆይ» አሉኝ።

ቆየን። ማንም አልወጣም።

እግዚአብሔር የእህታችንን ነፍስ በሰላም ያሳርፍልን፤ ሲጠብቋቸው የኖሩትንም ያሳያቸው። አሜን።